ጎህ ሲቀድ የመጣ ንፍሮ

ይድረስ አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ለሚውለው ወንድም ዓለሜ ለፈንታሁን ወልደ ገብርኤል።

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ደህና ነው? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? የምትበላው አለህ? ስትታመም ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አለህ? ከመስቀል ወዲህ አንዲት መስመር እንኳ ሳትልክ ስለቀረህ ጥያቄዬ በዝቷል፤ ቻለው። እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህና አታምነኝም። አለን፣ በቃ። ላኖረን ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባው። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብህ ድካም ነው እንጂ አባባ ያስተማሩኝ ፊደል አልጠፋኝም።

ያለፈው ክረምት ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ብሎ ቀረ። ማሳው ላይ የበቀለው ለአንድ ወር ቀለብ አልሆነም። በሬዎቹን ሸጥን፤ የገዛቸውም ሰው ስለራበው አርዶ በላቸው። ማን እንደሞተ አልዘረዝርልህም። አንዱን ስጽፍ ሌላው ይቀየመኛል፣ እኔም ማልቀስ ሰልችቶኛል። ብቻ ዘንድሮ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ያልለበሰች ሴት በሰፈራችን የለችም።

በየካቲት መጨረሻ የእርዳታ ስንዴ ደረሰን። መኪናው አቀስታ ድረስ አምጥቶ አራገፈው፤ ከዚያ ወዲህ በበቅሎና በሰው ጀርባ መጣ። ከአሰብ ወደብ የወረደ ነው ሲሉ ሰማሁና፣ ይህን ጆንያ ፈንታሁን ተሸክሞት ይሆን ብዬ በእጄ ዳበስኩት። ይኸውልህ ሞኝነቴ! ከስንዴው ጋር የወተት ዱቄትም ሰጥተውን ነበር። አባባ ሁዳዴ ነው ብለው ወደዚያ አሉት። የነፍስ አባታቸው መጥተው ለደካማ ይፈቀዳል ብለው ቢለምኗቸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ጹም ስል ኖሬ አሁን ሆዴ ስለጮኸ ልሻር ወይ አሏቸው። ታውቃቸው የለ! አንዴ እምቢ ካሉ አሉ ነው።

ስንዴውን ፈጭተን እንዳንጋግር ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ የለም ብሎ ከዘጋ ቆይቷል። በእጅ እንዳንፈጭ ደግሞ ክንድ የለንም። ማገዶም ጠፋ። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች ተማከርንና፣ ስንዴያችንን አዋጥተን በጎረቤታችን በብዙዬ ትልቅ ድስት እየቀቀልን ለየቤቱ ማከፋፈል ጀመርን። ንፍሮው በረመጥ ላይ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ይታደላል። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም እንስራ አዝለን ውሃ ፍለጋ ገደሉን እንወርዳለን።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን እኔ ከድስቱ ስጨልፍ ብዙዬና ሌሎች ሴቶች የእኛን ድርሻ በሌማት ከድነው ወደ ቤት ቀደሙኝ። አባባ ውዳሴ ማርያም ሊደግሙ ተነሥተው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ። ሰማዩ ገና ሳይለይ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ድምፁን አጥፍቶ፤ ንፍሮውም ተከትሎ። አባባ ሴቶቹን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ሌማቱን አዩ። ልጄን! ፈንታሁንን! ብለው እዚያው ወደቁ።

ጩኸቱን ሰምቼ እየሮጥኩ ደረስኩ። አባባ ምን ሆኑ፣ የዕለት ቀለባችን እኮ ነው አልኳቸው። ብዙዬም ኧረ በጌታ፣ ኧረ ማንም አልሞተ፣ የእርዳታው ስንዴ ነው እያለች ማለች፣ ተገዘተች። ማን ይስማት! መርዶ የሚደብቅ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። የእማማ አልታዬ ልጅ የሞተ ጊዜ እናቲቱ እስኪጠነክሩ ድረስ ደህና ነው፣ ሰላም ብሏል እያሉ የከረሙት ራሳቸው አባባ አይደሉም? ይኸው አሁን እኛ በካድን ቁጥር እሳቸው ይበልጥ አመኑ። አንተ ደግሞ አፍህን ዘግተህ ተቀምጠሃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንፍሮ ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የልጄን ለቅሶ አልበላም ይላሉ። ከንፍሮ ሌላ ምን አለኝ? ባለቤቴ ውበቱ ተያቸው፣ ሲርባቸው ይበላሉ አለኝ። አልተቀየምኩትም፣ እሱም ደክሞታል። ነገር ግን ራባቸው፣ አልበሉም። እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ፈንታሁን፣ እግር ሲያብጥ ምን እንደሚከተል ዘንድሮ ያላወቀ የለም።

አንድ ቀን ስንዴ እየለቀምኩ ሳለሁ አንድ ነገር መጣልኝ። ለለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚወሰደው እንዲያው ባዶውን ነው። ለሐዘንተኛ በቅጠልና በሰናፍጭ አሳምሮ የሚያቀርብ የለም፤ ነውር ነው። እንግዲያው እኔ ባሳምረውስ? ሲያዩት የለቅሶ አለመሆኑ ይገባቸው ይሆናል አልኩ። ለዘር ብዬ ቅል ውስጥ የደበቅኳት ሱፍ ነበረች። ውበቱ ሳያየኝ አፈስ አድርጌ አወጣሁ። በኋላ ቅሉ ቀልሎ ሲያገኘው አየኝና መልሶ ሰቀለው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱፉን ለስለስ አድርጌ ቆልቼ ወቀጥኩት። በውሃ አሸሁና በነጠላዬ ጫፍ አጠለልኩት፤ ወተት የመሰለ ወጣልኝ። ብዙዬ የሰጠችኝን ሰናፍጭ ፈጭቼ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቄ፣ ጨው ቆንጥሬ አብሬ መታሁት። በዚህ ድርቅ ቅጠል ከየት ተገኘ ትለኝ ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጸበል ሥር፣ ውሃው በሚንጠባጠብበት፣ ጤና አዳምና በሶብላ ዛሬም ለምልሟል። የሚጠብቁትን መነኩሴ ደጅ ጠንቼ ትንሽ ቀጠፍኩ። ስንዴውን በውሃ ዘፍዝፌ አሳድሬ ነበርና እስኪፈነዳ ቀቀልኩት። ቀዝቀዝ ሲል ሱፉን አፈሰስኩበት፣ ቅጠሉን በጣቴ እየበጣጠስኩ ነሰነስኩበት። ለደከመ ሆድ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ጾምም አያስሽርም። ሽታው ብቻ! ቤቱ የደስታ ቤት መሰለ። እኔ ግን እያለቀስኩ ነው ያማሰልኩት። ውበቱ ሲያየኝ ሰናፍጩ ነው አልኩት።

ቅዳሴ ወጥቶ አባባ በምርኩዝ ሲመጡ አቀረብኩላቸው። አዩት፣ አሸተቱት። ልጅ የሞተበትን ሰው በበሶብላ ልትሸነግይ ነው ወይ አሉኝ። ሰው የሞተበት ቤት እንዲህ ይሠራል ወይ አባባ፣ ራስዎ ያውቁታል አልኳቸው። ከዚያ ዳዊቴን አምጪ አሉ። አመጣሁ። እጅሽን ጫኝበትና ፈንታሁን በሕይወት አለ ብለሽ ማይልኝ፣ ያኔ እበላለሁ አሉ።

እንግዲህ እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። የሐሰት መሐላ ምን እንደሚያመጣ ከፊደል ጋር የተማርኩ ነኝ፤ ያውም በሁዳዴ። መኖርህን ደግሞ አላውቅም። እውነቱ ይህ ነው ወንድሜ። አየሁት ያለኝ አንድ ሰው የለም። ከደሴ የሚመጡ ነጋዴዎች አሰብ ላይ ሙቀቱ ሰው ፈጀ ይላሉ። ራዲዮ ያለው ጎረቤታችን በላይ ደግሞ፣ ወታደሩ ተነሥቷል፣ ሹማምንቱ ወርደዋል፣ ከተማው ሁሉ ተረብሿል ይላል፤ አንተ በየትኛው ውስጥ እንዳለህ ማን ይንገረኝ? ያበጠውን እግራቸውን አየሁ። እጄን ዳዊቱ ላይ ጫንኩና አለ ብዬ ማልኩ።

በሉ! እሰይ፣ በሉ! በጣታቸው እየለቀሙ፣ ጤና አዳሙን እያኘኩ፣ ቀስ ብለው በሉ። ሲጨርሱ አፋቸውን ጠርገው ሰናፍጩ በዛ አሉኝ። ከሞት ተመልሰው ሰናፍጩ በዛ! ጓዳ ገብቼ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ እሠራላቸዋለሁ፣ እየበሉልኝ ነው። እግራቸውም ጎድሏል። ነገር ግን ሱፉ እያለቀ ነው፣ እኔም እያለቅሁ ነው። በጎረሱ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ ዓይኔን ድስቱ ላይ እጥላለሁ።

ፈንታሁን፣ ገንዘብ ላክልኝ አላልኩህም። ና አላልኩህም፤ መጥተህም የምትበላው የለም። ጻፍ ብቻ። በገዛ እጅህ ጻፍ፣ እጅህን ያውቁታል። ለሌላ ሰው እንዳታስጽፍ፤ በሌላ እጅ የመጣ ከሆነ መርዶ ነው ይሉና መልሰው ይተኛሉ። ተቀይመኸኝ እንደሆነም ተቀይመህ ጻፍ። ብትሰድበኝም ስድብህን አንድ ሳላስቀር አነብላቸዋለሁ።

ውበቱ እንደምን ሰነበትክ ብሎሃል። ልጄ አበቡ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ባሕር ሲባል ምን ያህል እንደሆነ ንገራት። ብዙዬ በጣም አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያለች ታለቅሳለች፤ ስትጽፍ አብሽሪ በላት። እማማ አልታዬም በጸሎታቸው ያስቡሃል። ደብዳቤውን ደሴ ድረስ የሚያደርስልኝ ካሳ ነጋዴው ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

አባባ ሰላም በይልኝ አላሉህም። ይህን ስጽፍ አላዩኝም፤ ብዙዬ ቤት ተደብቄ ነው የምጽፈው። በሕይወት አለ ብላ በዳዊት የማለች ልጃቸው፣ አለህ ወይ ብላ ስትጽፍ ካዩ ዳግመኛ እህል አይቀምሱም። አደራህን ወንድሜ፣ ኑርልኝ።

እህትህ ሸዋረግ ወልደ ገብርኤል
መካነ ሰላም፣ መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.