በመቀነቷ ተቋጥሮ የቀረ መድኃኒት

ለወረዳችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ከርማችኋል? ትንፋሽዎስ እንዴት ነው? እኔ፣ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የማከራየው የሻው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ግን በፍልሰታ ጾም፣ በደብራችን ቅጽር ውስጥ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ትንፋሽ አጥሯት አርፋለች። አስም ነበረባት። መድኃኒቱን ያገኘችው በእናንተው የመድን መታወቂያ ነውና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ መድኃኒቱን ስለ ሰጣችኋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአፍ የሚሳብ፣ ለመያዝ የሚመች ትንሽ ነገር ነበር። ጤና ጣቢያ አጠቃቀሙን የነገሯት ከኋላዋ ሰልፈኛ እየገፋት በጥድፊያ ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ጊዜ ነበራቸውና፣ ከጀመርሽው አይለቅሽም፣ ይህ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው አፈር ነው እያሉ ረጋ ብለው አስተማሯት። ትምህርት ጎደለባት እንዳይባል ነው የምነግርዎ።

፪ኛ፦ መታወቂያ በሚታደስበት ወቅት ሞንታርቦ በባጃጅ ጭናችሁ እኛ መንደር ድረስ ስለምትደክሙ አመሰግናለሁ። አድሱ፣ አድሱ ሲል ገደሉ ሁሉ ይቀበለዋል። አስም ያለበት ሰው በጾም ሰዓትም መድኃኒቱን ይውሰድ የሚል አንድ ቃል ቢጨመርበት ግን ባጃጁን ይከብደው ነበር መሰለኝ።

፫ኛ፦ ጥሩነሽ መድኃኒቱ ጾም የሚያስፈታ መስሏት ነበር። በአፍ የገባ ሁሉ ያው ነው ትል ነበር። ክረምት ነው፣ እንጨቱ ርጥብ ነው፣ ቤቱ ጭስ ነው። ደረቷ እያፏጨ፣ መድኃኒቱን በመቀነቷ ቋጥራ ቅዳሴ እስኪወጣ ትጠብቅ ነበር። ሳቢው እባክሽ ብዬ ብለምናት፣ ጾሜን ልታስገድፈኝ ነው ወይ ብላ ትቆጣኛለች። ባረፈችበት ቀን ከሴቶቹ በኩል ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ውባንቺ የምትባለው ጎረቤታችን መቀነቷን ስትፈታላት መድኃኒቱ ዱብ አለ። ወይኔ የሻው!

ሥርዓተ ቀብሯ ሲፈጸም ቄስ ባዘዘው የሚባሉት የደብራችን ካህን እያለቀሱ፣ መድኃኒት መብል አይደለም፣ የታመመ ይውሰድ፣ ማን ጠየቀኝና ልናገር ብዬ ዝም አልሁ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የጠየቃቸው የለም። ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ደብራችን ቁልቁለት ነው። መንገዱ ከከበዳችሁ ደግሞ በቅሎ በነጻ እልክ ነበር።

፬ኛ፦ በአርባዋ ማግስት ስለ አስም ግንዛቤ ማስጨበጫ ጉባኤ በከተማው ሆቴል ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እንግዳ ልቀበል ደጁ ላይ ቆሜ ስለነበር፣ ኃላፊዎች ኃላፊዎችን ሲያስተምሩ መዋላቸውን አይቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ግን አክባሪዎ ስለሆንሁ አልልም።

ክቡር ሆይ፤ ሹፈቱ ይቅርና፣ ልጄ እምነት የእናቷን ደረት ወርሳለች። እናቷንም መስላ ጾም ታከብራለች። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው፤ እኔ ፈርቻለሁ። አባቷን አትሰማም። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ፣ በዕድሩም፣ በገበያውም የሚነገር ቃል ከእናንተ እለምናለሁ።

ሚስቱን ለአፈር ሰጥቶ፣ ጊዜው ያላለፈ መታወቂያዋን በሣጥኑ ያስቀመጠ፣ ለእርስዎ ግን የማያልቅ ትንፋሽ የሚመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ የሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሞንታርቧችሁ ደጃችን ደርሶ ነበር። እምነት ስለ እናቷ በሽታ የሚናገር መስሏት ደረቷ እያፏጨ ሮጣ ወጣች። መታወቂያ አድሱ ብሏት አለፈ። እናንተ ካልተመቻችሁ ሞንታርቦውን ብቻ አውሱን፤ ቄስ ባዘዘው ይናገራሉ፣ በቅሎዬ ትሸከመዋለች።