የምሳ ሰዓት ትንፋሽ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሙቀት። የወይን እርሻውን ሞዴል ዛሬም ኮምፒውተሩ ላይ አስኬድኩት... ከመሣሪያዎቹ ቁጥር ጋር አልገጠመም። ሲወራ እኮ ቀላል ነው። ከፀሐይ የሚመጣው ሙቀት የት ይገባል? ከፊሉ አፈሩን ያሞቃል፣ ከፊሉ አየሩን፣ የቀረው ከቅጠሉ ውሃ አትንኖ ይሄዳል። የኔ ሞዴል ግን አየሩን ብቻ ያነድደዋል። ባለቤቴ እርሻው ላይ የተከላቸው መሣሪያዎች ሌላ ይላሉ፤ ቅጠሉ ብዙ ውሃ ነው የሚያተንነው።

የቢሯችን አዲሷ ሠራተኛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። "ሳቂታዋ" ብያታለሁ። ምን እንደሚያስቃት እንጃላት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

አንጀቴ እርር ብሏል! ሳቂታዋ ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ "እርሻውን እንደ አንድ ምንጣፍ ከምናየው የወይኑን ረድፍ ለብቻ፣ በረድፎቹ መሃል ያለውን ባዶ መሬት ለብቻ ብናሰላውስ?" አለች። አስልታም መጥታለች። ገጠመ። ግራፉ ላይ የሷ መስመርና የመሣሪያው መስመር ተደራርበው ተኝተዋል። አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው "ግሩም ነው!" አሉ። ለኔ አውልቀው ያውቃሉ? አንድ ቀን እንኳ?

ባለቤቴም አጨበጨበ። የኔ ባል! ቤት ስንገባ ያዝኩት።

"ሁሉም አጨበጨበ እኮ።"

"አንተ ግን ቆመህ ነው።"

"ወንበር ስለጠፋ ነዋ የቆምኩት!"

ወንበር ጠፍቶ ነበር እንዴ? እ... ጠፍቶ ነበር መሰለኝ። ቢሆንም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

"እትዬ" አለችኝ። እትዬ! ስንት ዓመት ብበልጣት ነው?

"እትዬ፣ የኮክ እርሻውን ሞዴል አብረን እንሥራው?"

"አስብበታለሁ" አልኳት። ምን አስባለሁ፣ ጨርሻለሁ። ወይኑን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ኮኩን?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

እህቴ ደወለች። ቀንተሽ ነው አለችኝ። እኔ? በሷ? ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ባለቤቴ ሰሞኑን ዝምታ አብዝቷል። እራት ላይ ሳቂታዋን ካነሳሁ ሳህኑን ይዞ ብድግ ይላል። ምን ያስነሳዋል? የሚደብቀው ነገር ከሌለ...

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ጉድ አየሁ።

በወይኑ ረድፎች መሃል ዝቅ ብሎ የተተከለ፣ አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ አለ። ሰው አጠገቡ ሆኖ ከተነፈሰ ቁጥሩ ዘሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሁሌም ከመረጃው ቆርጠን እንጥለዋለን፤ የሰው ትንፋሽ ለሥራችን አይጠቅምም። ዛሬ ግን ከመቁረጤ በፊት ሰዓቱን አየሁት። ምሳ ሰዓት። ትናንትም ምሳ ሰዓት። ባለፈው ሳምንትም።

ባለቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ "ዕቃ ልገዛ ነው" ብሎኝ ነበር የሚወጣው። የሳቂታዋስ ወንበር? ባዶ። ምሳ ሰዓት ሁሌ ባዶ!

የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው የሁለት? ቁጥሩ አይናገርም። ሁለት ነው። ሁለት መሆን አለበት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ሄድኩ። ሳልናገር፣ ምሳ ሰዓት ጠብቄ። የእርሻው ጥበቃ "ውይ፣ ዛሬ እርስዎም መጡ?" አለኝ። እርስዎም!

በረድፎቹ መሃል ገባሁ። የመሬቱ ግለት በጫማዬ አልፎ ይሰማኛል። ምን እንደምል እየተዘጋጀሁ ነበር።

ባለቤቴ ወይኑ ጥላ ሥር፣ መለኪያው አጠገብ፣ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ዳቦ ይዟል። ብቻውን።

"የታለች?" አልኩት።

"ማን?"

"ሳቂታዋ!"

ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፣ ደክሞት ነበር።

"እዚህም አመጣሻት?" አለኝ። "እኔ ከስብሰባ ውጪ አናግሬያት አላውቅም። ሳቋንም አለባበሷንም የማውቀው ካንቺ አፍ ነው። እራት ላይ አለች። መኪና ውስጥ አለች። አልጋችን ላይ አለች፣ አንቺ እያመጣሻት። የሌለችበት ቦታ ይሄ ብቻ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጫማዬን አውልቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። በላን። ምላሴን ስንቴ ነከስኩት... ስሟን ግን አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

እራሴ ሄጄ ጠየቅኳት፤ ኮኩን አብረን እንሥራው አልኳት። እሺ አለች። ሳቀች፣ እንደ ልማዷ። አለቃችን ዛሬም መነጽራቸውን ለሷ አወለቁ። አረርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አረርኩ። ቤት ግን ይዤው አልገባሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሳቂታዋ የወይኑን መረጃ ስታጠራ ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ምሳ ሰዓት ላይ የሚዘለው ምንድነው? ድሮም ነበር፣ ሰሞኑን ግን እጥፍ ሆኗል።"

"ሰው ነው። ቁረጪና ጣይው።"

"ሁለት ሰው?"

"ሁለት።"

ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች፤ እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ምሳ ልታበላት ነው። ለካ ወንበሯ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው... ዛሬ ገና ነገረችኝ። እኔስ መች ጠይቄያት አውቃለሁ?

እራት ላይ ስለ እናቷ ላወራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የኮክ ዛፎቹ አበባቸውን ጨርሰው ፍሬ መያዛቸውን ነገርኩት። ሳህኑን ይዞ አልተነሳም።