እየተመለሰ የሚመጣው አንቀጽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ ወይ? እህቴ በስልክ «ሁላችንም ደህና ነን» ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤት ቢቃጠል ሞቅ አለን የምትል ስለሆነች አላምናትም። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የራቀኝ።

ሥራህ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። አዲሱን ሕገ መንግሥት የሚያረቁት ሽማግሌዎች ዓይናቸው ስለደከመ ረቂቁን ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ። የሚጽፈው ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ኮምፒውተር ነው። የአሮጌውንም የሌላ አገሩንም ሕግ አብልተውታል። አጻጻፉ ሲያምር አይጣል ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳነብ የማውቀው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ያ አንቀጽ ነበር፤ በአስጊ ጊዜ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይያዛል የሚለው፣ ወንድሜን ከምሳ ያስነሡት ሰዎች በራችን ላይ ቆመው ያነበቡልን። ሽማግሌዎቹ ይውጣ አሉ፤ ወጣ። በማግስቱ በሌላ ምዕራፍ ተመልሶ መጣ። እንደገና አስወጡት። ትናንት ደግሞ ስለ ወረርሽኝ በሚያወራው ክፍል ውስጥ «ጊዜያዊ ጥበቃ» ተብሎ፣ ለስለስ ብሎ ተቀምጦ አገኘሁት። የኮምፒውተሩ ባለሙያ፣ በአሮጌ ሕጎች ውስጥ ደጋግሞ ስላየው የግድ የሚያስፈልግ ይመስለዋል አለን። እኔንም እባብ ያየ በልጥ በረየ ብሎ ቀለደብኝ። ልጥ ቢሆንማ ምን ነበረበት! ሳነበው የገዛ ድምፄ የእነዚያን ሰዎች ድምፅ ይመስለኛል። ፈርቻለሁ እማዬ።

ሰኞ ድምፅ ይሰጥበታል። ይሄኛው ለስላሳ ነው፣ ምን ይጎዳል የሚሉት በዝተዋል። ሰብሳቢዋ ለብቻዬ ጠርታ፣ በቤታችሁ የደረሰውን ቆመህ ብትናገር ሐሳባቸውን ይለውጣሉ አለችኝ። ለመናገር ግን ወንድሜን ወሰዱት ብዬ ማቆም አልችልም፤ ሞተ ማለት አለብኝ። አንቺ ደግሞ ይህ ቃል በቤታችን እንዲነሣ ፈቅደሽ አታውቂም። አብሮት የታሰረው ሰው አሟሟቱን ሊነግረን ሲመጣ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ከበር መለስሽው። ለቅሶ አልተቀመጥንም።

ብትቆጪኝም ተቆጪኝ፤ እናገራለሁ።

እህቴን ሳሚልኝ። ልጆቿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ትንሹ ጥርስ አወጣ ወይ? ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ኮቱ ልክ ሆነልኝ በይልኝ። ለወንድሜ በየደብዳቤው ሰላምታ እጽፍለት ነበር፤ አንቺም ክፍሉ ገብተሽ ለባዶ አልጋው ታነቢለት ነበር። ዛሬ አልጻፍኩለትም፤ ይቅር በይኝ።

ልጅሽ

ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ከተከራየሁት ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን