ከሞተርህ ያፈሰስኩት ዘይት

ሽሜ ሆዴ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለት ሳምንት ሆነህ። ሙት ዓመትህን በደንብ አወጣን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ አንተን መዋሸት ግን አልችልበትም። አሳፍሬሃለሁ።

በሰው አገር ያለው የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤታችን ለእንግዳ እንደማይበቃ ታውቃለህ። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ደረደርን። ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ የድሮ ንድፍ እያየህ የሠራኸው የጥንት መኪና ሞተር እንዳስቀመጥከው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዘይቱ ሸተተኝ። ቄሱና የእድር ሰው መጥተው ቤቷ ዘይት ዘይት ይላል ይበሉኝ? ከሥሩ ያለውን ቡሎን ፈትቼ ዘይቱን ባልዲ ውስጥ አፈሰስኩና መልሼ አሰርኩት። አዲስ ዘይት እሞላለሁ እያልኩ በወጡና በስልኩ መሀል ረሳሁት።

ከምሳ በኋላ ወንድምህ ግርማ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ የመጡትን ጓደኞችህን ሰብስቦ፣ የወንድሜን ሥራ ስሙልኝ ብሎ ሞተሩን አስነሳው። ሲነሳ እንዴት አማረበት! ቄሱ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ክፉ ድምፅ መጣ፤ ግርማ ደንግጦ አጠፋው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰው ሁሉ እሱን አየ። እኔ ደግሞ ብርጭቆ ሰብስቤ ወደ ኪችን ገባሁ። ኧረ እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ወዲህ ግርማ ድምፁ ጠፋ። ባለፈው ቅዳሜ አላስችል ሲለኝ ኮል አደረግኩትና ና ሞተሩን እንክፈተው አልኩት።

ትዝ ይልሃል፣ መኪና ላይ ተገጥሞ ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ወደ ኋላ እየሸሸ የፊተኛው ሲሊንደር ይደርቃል ብለህ ስትጨነቅ? ሞተሩን በጣውላ እያዘነበልክ ስትሞክር ስንቱን እሑድ ጨረስከው። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ፒስተን ዘንግ ሥር ዘይት የሚይዝ ትንሽ ጎድጓዳ ሠራህለት። እኔም ለብረት ሳህን የሚያቀርብ ባል አገባሁ እያልኩ ስቄብሃለሁ።

ግርማ የታችኛውን ክዳን ሲያወርድ በየጎድጓዳው ዘይት ቀርቷል። ቡሎኑን ስፈታ የታችኛው ብቻ ነው የፈሰሰው። ትንሽ ተጫጭሯል እንጂ ሞተርህ ደህና ነው። ለዳገት ብለህ የለፋህበት ነገር ከእኔ እጅ አዳነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

እዚያው ለግርማ ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ታዲያ እትዬ፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ እኔን ሲያየኝ ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ።

አልረሳህም ማለት ለእኔ አያምርብኝም፤ ዘይትህን የረሳሁ ሴት ነኝ። ግን የመጣው ሰው ሁሉ ለፋሲካ እንደገና ይጠራል። እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ በሁሉም ፊት፣ ማን እንዳፈሰሰው ተናግሬ ዘይቱን በእጄ እሞላለሁ። ከዚያ ግርማ ያስነሳልሃል።

ያንተው አልማዝ