ሦስተኛው ቦኖ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 27/2003፣ ሶዶ

ዝናብ። እንደገና። ጫማዬ ምድጃው አጠገብ ቢከርምም አልደረቀም። እናቴ አዬ የቦይናውን ሥር ልጣ ስትጨርስ ቢላውን ሰጠችኝ፤ ስኳር ድንቹ ያንቺ ነው ብላ ወደ ገበያ ወጣች። የኔ የአዲሷ ኢንጂነር ሥራ እስካሁን ይኸው ነው።

ከሰዓት ኢንተርኔት ቤት። ገጹ እስኪከፈት ሻይ አዝዤ ጠጥቼ ጨረስኩ። ስሜ አለ! ማስተርስ፣ ሃይድሮሊክስ፣ አዲስ አበባ። የራሔልም ስም ከኔ ከፍ ብሎ። ራሔል የአረካ ልጅ፣ አምስት ዓመት አብረን ያጠናን፣ አብረን የተራብን። ደወልኩላት፤ ጩኸቷ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር።

ቤት ስገባ ሌላ ስልክ። አቶ ዳና፣ ከሁምቦ ውሃ ጽ/ቤት። ለመመረቂያ ጥናቴ መረጃ የሰጠኝ ሰውዬ። መሥሪያ ቤቱ በቢ.ፒ.አር እንደገና ከተዋቀረ ወዲህ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተብሏል፤ ማዕረጉ ከጽ/ቤቱ ይሰፋል። ክፍት ቦታ አለ፣ ነይ ይላል። ደግሞ ጥናትሽን ልንሠራው ነው አለኝ። የኔን! መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ መስሎኝ ነበር። የተራራው ምንጭ በቧንቧ ወርዶ ለቆላው ቀበሌ፣ አራት ቦኖ። ኤ ያገኘሁበት ሥራ።

ሁለቱ ባንድ ቀን። ማስተርሱን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላረጋገጥኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ለከርሞ ይቆየኝ ማለት የለም። ለአባባ ማስተርሱን ብቻ ነገርኩት። ሁምቦን ለምን ደበቅኩ? ደስ ሲለው ማየት ፈልጌ መሰለኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 1

ስማኝ ደብተሬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ቤ/ክ፣ የምስጋና ሰዓት። አባባ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ብድግ አለ። የክት ኮቱን ለብሶ እንደመጣ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ጌታ ይመስገን፣ ልጄ ምሕረት ለማስተርስ ተመርጣ አዲስ አበባ ልትገባ ነውና ጸልዩላት። እልልታ። ፓስተሩ ወደ ፊት ጠራኝ። ተንበረከክሁ። ስንት እጅ ራሴ ላይ እንዳረፈ እንጃ። ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

በር ላይ ሁሉም ይጨብጠኛል። መ/ር ሳና ብቻ ራቅ ብሎ ፈገግ ይላል። ልጁ ማስተርሱን ከያዘ ወዲህ አባባ በየእሑዱ ስለዚያ ልጅ ሲሰማ ኖሯል። ሁለቱም ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች፤ ዛሬ እኩል ሆኑ። በኔ።

ተናድጃለሁ። አንድ ቃል እንኳ ሳይጠይቀኝ! ደግሞ ሲናገር ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ እሱን ሳስታውስ ንዴቴ ይበርድብኛል። ይሄም ያናድደኛል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 3

ነገርኩት። የሁምቦ ሥራ አለ፣ ገና አልወሰንኩም አልኩት። አባባ ቤት ውስጥ ወላይትኛ ነው የሚያወራው፤ ነገር ሲከብድ ወደ አማርኛ ይዞራል፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስል። ዛሬ በአማርኛ ነበር። «የተጸለየበት ነገር አይነካካም።» ራዲዮኑን ከፈተ፣ አለቀ።

አዬ ጓዳ ጠራችኝ። ሁምቦ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ አለች። ወዲያው ደግሞ ወባው፣ ሙቀቱ፣ ወንዱ ሁሉ አለች። ቀጥላ አዲስ አበባም ሌባ አለ አለች። በየትኛው ወገን እንደቆመች ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ራሔል መልእክት ልካለች፣ ዶርም አንድ ላይ እንጠይቅ ትላለች።

አቶ ዳናም ደወለ። ቁፋሮ ሊጀመር ነው፤ ሐሙስ መጥተሽ ንድፍሽን አስረጂን። እሄዳለሁ። ማስረዳት መቀጠር አይደለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5፣ ምሽት

ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ከጽ/ቤቱ በፒክአፕ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግር። ሶዶን በጉም ትቼ ሁምቦ ላይ በላብ ተጠመቅሁ። በቆሎው ሰው ውጧል። ችካሎቹ ራሳቸው ቀይ ተቀብተው በንድፌ መሠረት ተተክለዋል። ቦኖ አንድ፣ ትክክል። ቦኖ ሁለት፣ ትክክል። በወረቀት ያሰብኩት መሬት ላይ ቆሞ ሳየው፣ ደብተሬ፣ ኩራት ልቤን ነፋው።

ቦኖ ሦስት።

አንድ ትልቅ ሾላ። ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ። ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ መሀላቸው ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች ቆመዋል። ከወንድማማቾቹ እግር ሥር የኔ ችካል፣ ቀይ ራሱን አውጥቶ። ማንም አልነቀለውም። ዙሪያውን ተቀምጠው ዳኝነታቸውን ይቀጥላሉ።

ዱቡሻ ነው። እርቅ የሚወርድበት፣ ለቅሶ የሚቆምበት፣ አገር የሚመክርበት ሜዳ። በአያቴ ሰፈርም አለ፤ ልጅ ሆነን እዚያ እንዳንሯሯጥ ይቆጡን ነበር። ወላይታ ሆኖ ዱቡሻ የማያውቅ ማን አለ? እኔ! ለጥናቱ የመጣሁ ቀን መኪናው ተበላሽቶ እዚህ ሳልደርስ ተመለስኩ፤ የቀረውን ከካርታ ጨረስኩ። ካርታው ላይ ነጭ ቦታ ነበር። ሪፖርቴ ላይ «ባዶ የሕዝብ መሬት፣ ካሳ የማይጠይቅ፣ ለዝርጋታ አመቺ» ብዬአለሁ። ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

ዳኝነቱ ሲያበቃ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው፤ ለምን ዝም አላችሁ? «ኢንጂነር ያጠናው ነው ተባልን። እኛ ምን እንበል?» ያጠናሁት እኔ ነኝ አልኩ። በወላይትኛ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 6

ኤ! ለዚህ ነው ኤ የሰጡኝ። ግፊቱ ትክክል፣ የቧንቧው ስፋት ትክክል፣ ስሌቱ ሁሉ ልክ። ለቅሶ በተቀመጠ ቀን ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው በወንዶቹ መሀል እንዴት ያልፋሉ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ቢሠራ ግማሹን ሳምንት ማንም አይቀዳበትም፤ ሴቶቹ ያው ወደ ወንዝ።

አዬ ፊቴን አይታ አሞሻል ወይ አለች። አዎ አልኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 9

ራሔል ከአረካ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ኮስተር አለች። ለአንድ ችካል ብለሽ ማስተርስ ትተያለሽ? ደውለሽ ንቀሉት በያቸው። ቦታው አንዴ ከሄደ ሄደ፣ ሁለተኛ አይጠሩሽም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ ሳስተምር አንቺ ሁምቦ ቧንቧ ስትቆጥሪ እንዳላይሽ። ልክ ናት እኮ።

እሷ ፊት ለአቶ ዳና ደወልኩ። እሺ እንነቅለዋለን፣ ግን ወዴት እንትከለው? ከዱቡሻው ወጣ ሲባል መሬቱ ሽቅብ ነው፤ ውሃው ይደርሳል አይደርስም፣ ማን ያስላው? እኔ አሰላዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ራሔል ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ።

ይሄን ሠርቼ አስረክቤ አዲስ አበባ እገባለሁ። ተወሰነ። አባባም ደስ ይለዋል። ዱቡሻውም ይድናል። ጨረስኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 11

አልጨረስኩም።

ሁምቦ ከጠዋት። ዛሬ ሴቶቹን ጠየቅኋቸው። ሳይከራከሩ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አሉ፤ በየቀኑ የሚያልፉበት ነው። ጥሩ። ከፍታውን ለካን፣ አሰላሁ። ሦስተኛው ቦኖ ውሃ ያገኛል፣ አራተኛው ይደርቃል። ወፍራም ቧንቧ እንዳላደርግ የተገዛው ተገዝቷል። ማጠራቀሚያውን ከፍ እንዳላደርግ ዓለት ነው።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። የምንጩን ፍሰት ከፋይል ነው የወሰድኩት፤ በክረምት የተለካ። በጋ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር የሚያውቅ የለም። እስከ የካቲት ድረስ እየተመላለሰ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚያ አራቱንም ቦኖ የሚያዳርስ አዲስ ንድፍ። እስከዚያው ከላይ በኩል ያለውን መሥራት ይቻላል፤ ምንጩን ማጎልበት፣ ዋናውን መስመር መቅበር።

አቶ ዳና አልዋሸኝም። የነበረው ቴክኒሻን ተዛውሯል። ሰው ከሌለ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ነው የምሠራው፣ ኦዲተር የሚጠይቀኝ እሱን ነው አለ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማለት ዱቡሻው ላይ ያለው ቦኖ ማለት ነው።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ይሄን ሥራ ሌላ ሰው እንዲሠራው አልፈልግም። ኃላፊነት ብቻ አይደለም፣ እንዳልዋሽህ። ስሌቱ እንቢ ሲለኝ፣ ዓለቱን በእጄ ስነካ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አምስት ዓመት ተምሬ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 17

ነሐሴ 9 የጻፍኩትን ሰርዣለሁ። ሁምቦ እገባለሁ። ዛሬ ለአባባ ነገርኩት፤ ቆሜ፣ ሳልንተባተብ።

ያልጠበቅሁትን ተናገረ። መ/ር ሳናን እንደሆነ ተይው አለ፣ የሱ ነገር ጨዋታ ነው። በዲግሪ ብቻ ሳይት ላይ ብትቆሚ ልጅቷ ይሉሻል፤ ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ማስተርስ ካለሽ ማንም አይንቅሽም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳስተምር ማዕረግ የሌለው ሰው ሲናቅ አይቻለሁ፣ እኔም ተንቄአለሁ።

ይሄን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ። ግን አልኩት፤ ልጅቷ ይበሉኝ። ከነማስተርሴም ይሉኛል። ውሃው ሲመጣ ስሜን ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ማስተርሱንም እማራለሁ፣ አሁን ግን በካርታ ላይ ሌላ ነጭ ቦታ መሙላት አልፈልግም።

ራቱን ሳይበላ ገብቶ ተኛ።

እሑድ፣ ነሐሴ 22

ዛሬ በምስጋና ሰዓት እኔው ተነሣሁ። የጸለያችሁልኝ ለአዲስ አበባ ነበር፤ የምሄደው ሁምቦ ነው፣ ለውሃ ሥራ፤ ጸሎታችሁን ለዚያ አድርጉልኝ አልኩና ተቀመጥኩ። እልልታ የለም። አንድ ሰው ሳለ። መዘምራኑ ሳይታዘዙ ጀመሩ።

አባባ ጫማውን ሲያይ ቆየ። ወደ ቤት ሳይጠብቀኝ ቀድሞኝ ሄደ። አዬ ክንዴን ይዛ በጭቃው ቀስ እያልን መጣን። መልካም አልሽ አለችኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አሁንም ያመኛል። አልጸጸትም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24

ጠዋት ለዩኒቨርሲቲው ቦታውን መተዌን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ባጋጠመኝ የቤተሰብ ችግር ምክንያት ትምህርቱን መከታተል ስለማልችል...» ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጽፈው። ፖስታ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ አባባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ እያነበበው ነው። ከእሑድ ጀምሮ አላናገረኝም።

«የቤተሰብ ችግር የምትይው እኔን ነው?»

ደነገጥኩ። አይ አባባ፣ እንዲያው የተለመደ አጻጻፍ ነው አልኩት። ሐሰት ለምን ይለመዳል አለ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። «የቤተሰብ ችግር» የሚለውን ሰረዘ። «ስለማልችል» የሚለውንም ሰረዘ። አልቸኮለም። ከላዩ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሑፉ «በሁምቦ የውሃ ሥራ ለመሥራት በራሴ ፈቃድ ስለወሰንኩ» ብሎ ጻፈበት። አንድ ጊዜ ለራሱ አነበበው።

እኔ ገና ደስ አላለኝም አለ። ግን የምትችይውን አልችልም ብለሽ አትፈርሚ፤ በንጹሕ ወረቀት ገልብጪው።

ገለበጥኩት። ፈረምኩ። አባባ ጃንጥላውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ድረሺ እያለ ይጣራል።