ደብል መታች

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1997፣ ኢስትሊ

የኮሌጅ ደረጃው የሒሳብ ፈተና ውጤት መጣ፤ አልፌያለሁ። ኮርሱን ሃይስኩል ሆኜ ስለጨረስኩት፣ ካናዳ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አልደግመውም። በቃ፣ አንድ ኮርስ ነው።

አባቢ ግን ምግብ ቤታችን ለገባ ሁሉ፣ ለሶማሌዎቹ ደንበኞች እንኳ በተሰባበረ ስዋሂሊ፣ «ልጄ ደብል መታች፣ አንድ ዓመት ዘለለች» ሲል ዋለ። በእሱ ዘመን ጎበዝ ተማሪ ክፍል ይዘል ነበር። ጉራ መስሎኝ ተናደድኩ።

የምሳ ሰው ሲወጣ፣ አንድ ኮርስ እንጂ ዓመት እንዳልዘለልኩ ላስረዳው ሄድኩ። ጠረጴዛ እየወለወለ፣ ቀና ሳይል፣ «እንግዲህ በአራት ሳይሆን በሦስት ዓመት ትመለሻለሽ ማለት ነው» አለኝ።

ጨርቅ አንስቼ ቀጣዩን ጠረጴዛ መወልወል ጀመርኩ።