የኤስኮ ትጥቅ

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ንፋስ የለም። ሁለቴ ከአውሮፕላን ዘለልኩ። ሁለቱንም በክለቡ የውሰት የፓራሹት ትጥቅ… ያ ብርቱካንማው፣ ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው። ከእኔ በፊት የለበሰው ሰው ነጭ ሽንኩርት ይወዳል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ላሪ ሜዳው ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ልጅ ቢኖረኝ እኩያው ይሆን ነበር። አፉ አያርፍም።

"ሜርቪዬ፣ አንቺ እኮ አትወርጂም፤ ትንሳፈፊያለሽ። እኛ ወርደን፣ ሾርባ ጠጥተን፣ ሳህን አጥበን… ቀና ስንል አሁንም እዚያው ነሽ።"

"አንተን ሳህን ስታጥብ አይቼህ አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። ትዝ ያለኝ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው የሚመጣው።

"የራስሽን ግዢ" አለኝ ደግሞ። "የውሰት ትጥቅ እንደ ውሰት ጥርስ ነው።"

እውነቱን ነው። ግን የቱን? በክለቡ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው፣ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ እሳት ማቀጣጠያ ተብለው የተቀመጡ አሮጌ የዝላይ መጽሔቶች አሉ። ከመቃጠላቸው በፊት አነባቸዋለሁ። የማውቀውን ሁሉ የቃረምኩት ከእነሱ ነው። ዛሬ ስለ ትጥቅ አመራረጥ የሚል አገኘሁ። "ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን ግን" ይልና ገጹ ያልቃል። ቀሪውን ባለፈው ሳምንት ሞቀነዋል።

እሑድ፣ ሜይ 18

ጉልበቴን አመመኝ። ተኝቼ ዋልኩ።

ለሰዎች ደፋር እመስላቸዋለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ሃምሳ ሲሞላኝ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ባልደረቦቼ ከአስተማሪ ጋር ታስሮ የሚዘለል ዝላይ በስጦታ ሰጡኝ። እምቢ ስል ሊስቁ ነበር። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አላውቅም… ይሉኝታ ነው ሰማይ ያወጣኝ። ከዚያ ወዲያ ራሴው ወደድኩት። እዚያ ላይ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ምን አደረግኩ?

ኦይሊ መጡ። የኤስኮ ሚስት። ኤስኮ ክለቡን ካቋቋሙት አንዱ ነበር፤ ባለፈው የበረዶ ወራት አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ከአውሮፕላን ሲዘል ኖሮ የሞተው አልጋው ላይ፣ ተኝቶ።

ኦይሊ ከመኪናቸው ኋላ ሰማያዊ ትጥቅ አወጡ። ሁሉም ያውቀዋል። ቦርሳው፣ ማሰሪያው፣ በውስጡ ሁለቱ ፓራሹት፣ ዋናውና መጠባበቂያው። ያቺን ረጅም አንገታቸውን አቅንተው ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ እኔ።

"ኤስኮ ለፍላፊ ሰው አይወድም ነበር" አሉ። "አንቺ ዝም ትያለሽ። ላንቺ ይሁን።"

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ላሪ እንኳ። አንዱ ተናፈጠ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ምን ይላል?

"አመሰግናለሁ" አልኩ።

እሑድ፣ ሜይ 25

መስታወት ፊት ለበስኩት። ኤስኮ እንደ በርች ዛፍ ረጅም ነበር። እኔ ከወጥ ቤቱ ላይኛ መደርደሪያ ጨው ለማውረድ በርጩማ የምፈልግ ሰው ነኝ።

የደረቱ ማሰሪያ አገጬ ሥር ገባ። ማጥበቂያዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳብኩ። ስራመድ ቦርሳው አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይከተለኛል… ሌላ ሰው ከኋላዬ ያለ ይመስላል።

ሁለት ሹራብና የበረዶ ሱሪ ከውስጥ ደርቤ ሞከርኩ። ስጋ የተጠቀለለበት ጎመን መሰልኩ። ስጋው ያነሰበት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31

ኪርሲ ዘንድ ወሰድኩት። የክለቡን ፓራሹት ሁሉ የምትመረምረውና የምትጠግነው እሷ ናት። ፓራሹቱን ዘርግታ በብርሃን አየችው፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። "ጤነኛ ነው። ኤስኮ ከሚስቱ እኩል ነው የያዘው።"

ልቤ ዘለለ። ከዚያ ማሰሪያውን አለበሰችኝና ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠለችኝ። ፓራሹት ሲከፈት ሰው እንዲያ ነው የሚንጠለጠል፤ ልኩ የሚታወቀውም ያኔ ነው። እንደ ቋንጣ ተንጠለጠልኩ። ትከሻዬ ከማሰሪያው ውስጥ ሰምጦ ሊወጣ ደረሰ።

"ዓይንሽን ጨፍኚና ቀዩን እጀታ ያዢ።"

ቀዩ እጀታ ዋናው ፓራሹት ሲበላሽ ተስቦ የሚጣልበት ነው። እሱን ጥሎ ነው ወደ መጠባበቂያው የሚኬደው። ጨፈንኩ። ያዝኩ።

"ምን ያዝሽ?"

"እጀታውን።"

"የሹራብሽን ቁልፍ ነው የያዝሽው።"

ዓይኔን ገለጥኩ። እጀታው ወጥቶ ብብቴ ሥር ተደብቋል።

"ማጥበብ አይቻልም?"

"ይቻላል። ሁሉ ተፈትቶ ለአንቺ እንደ አዲስ ከተሰፋ። ያኔ ግን የኤስኮ መሆኑ ይቀራል። ኦይሊን ማስፈቀድ አለብሽ።"

"አንቺ ብትነግሪያቸውስ?"

"ስጦታው ለእኔ ነው እንዴ የተሰጠው?" አለች። አወረደችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፦ "የመዝለያ ፈቃድ አለሽ፣ የምትለብሺውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ግን ላይ ሆነሽ ነገር ቢበላሽ እጀታ የምትፈልጊበት ፋታ የለም። በዚህ የምትዘይ ቀን እኔ ቀና ብዬ አላይም።"

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ኦይሊ ደወሉ። ልነግራቸው ነበር። በእውነት ልነግራቸው ነበር።

"ለዩሃኑስ በዓል ዋዜማ ትዘያለሽ አይደል? ሰማያዊው አንድ ጊዜ ሲከፈት ልየው። ቋሊማውን እኔ አመጣለሁ።"

"ጥሩ" አልኩ።

ጥሩ? ምኑ ነው ጥሩው?

ረቡዕ፣ ጁን 11

ሳውና ውስጥ ብቻዬን እምቢታ ተለማመድኩ። ለምድጃው። "ኦይሊ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትጥቁ…" ምድጃው ላይ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ቱሽሽ አለብኝ። ፊቴ ተቃጠለ። ምድጃ እንኳ ይቆጣል።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ላሪ ስልኩን አሳየኝ። ኦሉ ከተማ ያለች ሴት ትጥቋን ትሸጣለች። ቁመቷ እንደ እኔ። ለጀማሪ የሚሆን ሰፊ፣ ረጋ ያለ ፓራሹት። ቀለሙ ቢጫ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ።

"ከሩቅ የአይስክሬም መኪና ትመስያለሽ" አለ። "ግን ልክሽ ነው።"

"እኔ እኮ አለኝ።"

"ያለሽማ ድንኳን ነው።"

አልደወልኩም። ኦይሊ ቢሰሙስ? ባሌ የለበሰውን ንቃ የከረሜላ ወረቀት ገዛች ቢሉስ?

ሐሙስ፣ ጁን 19

ነገ በኤስኮ ትጥቅ እዘላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። አይተው ደስ ይላቸዋል፣ ከዚያ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ምን ይሆናል?

…መልስ ከሌለው ለምን ደጋግሜ እጠይቃለሁ?

ዓርብ፣ ጁን 20፣ የዩሃኑስ ዋዜማ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሜዳው ሞልቷል። ሐይቁ ዳር የበጋው በዓል ደመራ ተከምሯል፣ ገና አልተለኮሰም። ኦይሊ የቋሊማ ሹካቸውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ። ለእኔ ብለው… ለእሱ ብለው።

ኪርሲ አየችኝ። ጀርባዋን ሰጥታ ቋሊማ ታገላብጥ ጀመር።

አውሮፕላኑ ሞተሩን አስነሥቷል። ከመሳፈራችን በፊት ሁላችንም እጀታችንን እንነካለን። ልማድ ነው፤ ቦታው ላይ መሆኑን እጅ ይወቅ ተብሎ። እኔም ነካሁ። ሹራቤን።

እንደገና። ሹራቤን።

ላሪ ከውስጥ እጁን ዘረጋልኝ። "ነይ እንጂ፣ ሜርቪዬ።" ፊቱን ሳየው እየሳቀ አልነበረም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ዞርኩ። ወደ አጥሩ ሄድኩ፣ ቦርሳው ከኋላዬ እየተጎተተ።

"አልዘልም" አልኳቸው።

"ምን?" ሞተሩ ይጮኻል።

"አይሆነኝም።"

"አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አብራሪው ደግሞ አንድ ሰው መጉደሉን አይቶ ሞተሩን ያጠፋው ልክ ያኔ ነው።

"ትጥቁ ለእኔ አይሆንም! ሰፍቶኛል! እሞትበታለሁ!"

ሐይቁ ማዶ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ውሻ ጮኸ።

ኦይሊ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከአገጬ ሥር ያለውን ማሰሪያ አዩ። ብብቴን አዩ።

"ታዲያ ለምን ወሰድሽው?"

"ይሉኝታ ይዞኝ።"

"እኔስ ለምን ላንቺ የሰጠሁ ይመስልሻል?" አሉ። "ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ባለፍኩ ቁጥር ኤስኮ የገባ ይመስለኛል። ልጥለው አልቻልኩም። እምቢ የማትል ሰው ስፈልግ አንቺን አገኘሁ።"

ከዚያ እሳቸው ሳቁ። ከአፍንጫቸው፣ እንደማይፈልጉ ሆነው። እኔም።

"አውልቂልኝ።"

አወለቅኩ። ሹካውን አስያዙኝና ራሳቸው ለበሱት፣ በነጩ ሸሚዝ ላይ። እኔ ለካ ልብ ብዬ አላየኋቸውም… በቁመት ከባላቸው እኩል ናቸው። የደረቱ ማሰሪያ ደረታቸው ላይ፣ እጀታው ጎናቸው ላይ። እንደ ልካቸው የተሰፋ።

"አሁን ምን ይደረጋል?" አሉ ኪርሲን።

"ይንጠለጠሉ እንግዲህ" አለች ኪርሲ። ቀልዷን ነበር። ኦይሊ ግን ቀድመዋት ወደ ሥራ ክፍሏ መሄድ ጀመሩ።

ወራጁ ላይ ሰቀልናቸው። እግራቸው ከመሬት ተነሣ። ጫማቸው አንዱ ወደቀ። እንዳነሣላቸው አልፈለጉም። ዓይናቸውን ጨፍነው በቀስታ ተወዛወዙ። ማሰሪያው ከጀርባና ከጭን ደግፎ ይዟቸዋል።

"እናውርድዎት?" አለች ኪርሲ ከቆይታ በኋላ።

"ትንሽ ልቆይ" አሉ።

ወጣንላቸው። በሩን ገርበብ አደረግነው። ቋሊማው ሁሉ ከሰል ሆኗል፣ ከሰናፍጭ ጋር በላነው። ማንም አላማረረም።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ኦሉ ደወልኩ። ሄና ትባላለች። ስንት ጊዜ ዘልለሽበታል? መጠባበቂያውን ማን አጠፈው? ውሃ ነክቶት ያውቃል? ለምን ትሸጪዋለሽ?

"ፖሊስ ነሽ?" አለችኝ።

"የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ።"

"እሺ እንዲያ በይኛ" አለችና ሁሉንም መለሰችልኝ። የምትሸጠው መንታ ስለወለደች ነው። አሁን በቀን ሁለት ሰዓት ካገኘች መዝለል ሳይሆን መተኛት ነው የሚያምራት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

በባቡር ሄጄ አየሁት። ቀለሙ ከፎቶው የባሰ ነው። ኪርሲ ሳታየው ገንዘብ እንደማልከፍል ነገርኳት። ሄና ትንሽ ኩርፍ አለች። እኔ አላላበኝም… እሺ፣ ትንሽ አላበኝ። ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። በአደራ ሰጠችኝ።

ማታውን ኪርሲ መርምራው ሰቀለችኝ። ጨፈንኩ። እጄ ቀጥ ብሎ እጀታው ላይ ዐረፈ። ደገምኩት። ዐረፈ።

"ቀለሙን ግን እንዴት ቻልሽው?" አለች።

"ለብሼው አይታየኝም። የሚያዩት እናንተ ናችሁ።"

ይቺኛዋ መልስ መኪና ውስጥ አልመጣችም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ኦይሊ አሁን በየሐሙሱ ኪርሲ ዘንድ ይመጣሉ። ሰማያዊው ትጥቅ ወራጁ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ይለብሱታል፣ ይንጠለጠላሉ፣ ሹራብ ይሠራሉ። ኪርሲ ጎናቸው ፓራሹት ትሰፋለች። አይነጋገሩም። "እንዲህ ዓይነት ጥሩ ወንበር በሀገሩ የለም" ብለውኛል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

በራሴ ትጥቅ የመጀመሪያዬ። ሲከፈት ቀና አልኩ… ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ። ከልቤ ሳቅሁ። እዚያ ላይ የሚሰማ የለም።

በራሱ ትጥቅ መጀመሪያ የዘለለ ለሁሉም ኬክ ያበላል። ሦስት ጋገርኩ። ላሪ ሁለት ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ በናፕኪን እንኳ ሳይጠቀልል።

እሑድ፣ ኦገስት 3

ከቀትር በኋላ ንፋሱ ይነሣ ጀመር። ለእኔ ከተፈቀደው አላለፈም፤ አንዳንዴ ግን ገፋ ያደርጋል። የበርቹ ቅጠል ሆዱን እያሳየ ይገለበጣል። አልወደድኩትም።

ለመጨረሻው በረራ አንድ ሰው ጎደለ። አብራሪው ባዶ ወንበር ይዞ አይነሣም። ሁሉም ለብሰው፣ የራስ ቁራቸውን አጥልቀው ቆመዋል። እና ሁሉም… ወደ እኔ።

"ሜርቪዬ፣ አንቺ ካልመጣሽ ሁላችንም ቀረን ማለት ነው" አለ ላሪ።

የድሮው ሁሉ መጣ። የሰው ፊት፣ ዝምታው፣ ያ "አመሰግናለሁ"።

"አልወጣም" አልኩ። "ንፋሱ ደስ አላለኝም።"

ምክንያት አልጨመርኩም። ይቅርታም አላልኩም። ፊታቸውን ጠበቅኩ።

ላሪ ቅጠሉን አየ። "እሺ" አለ። ቁሩን አወለቀ። "ሳውናውን ማን ይለኩሳል?"

ሌሎቹም አወለቁ። አንዱ እያፏጨ እንጨት ሊያመጣ ሄደ። በቃ። ይኸው ነው። ማንም አልተቀየመም፣ ማንም ፊቱን አላዞረብኝም። ጭራሽ የረሱኝ መሰለኝ።

ሃምሳ ዓመት የፈራሁት ይህችን "እሺ" ነው እንዴ? እውነቱን ልጻፍና… ትንሽ እንኳ ቅር ቢላቸው ደስ ባለኝ።